እጇን ለቅቄ ሮጥኩ

"ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። ቤቴ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ። እኔና የልጅነት ጓደኛዬ ለዓመታት ስናወራው የኖርነው ጉዞ ዘንድሮ ዕቁባችን ሲወጣልን ተሳካልን። ኢስታንቡል ሄድን። ለንግድ አልነበረም፤ አገር ለማየት ነው። ኅዳር 4 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እሁድ ከሰዓት፣ ኢስቲክላል የሚባለው ትልቁ መንገድ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንሄድ ከኋላችን ቦምብ ፈነዳ። እኔ እጇን ለቅቄ ሮጥኩ። አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ የብረት በሩን ወደ ታች ሳበው። እሷ ውጭ ቀረች።

ማታ ሆቴል ተገናኘን። 'ደህና ነሽ?' አለችኝ። 'ደህና ነኝ' አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ከተመለስን ሁለት ወር ሊሞላን ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ቡና ስጠራት ግን አትመጣም። እማዬ ያን ቀን በሜሴንጀር ስትሞክር አምሽታ ልታገኘኝ አልቻለችም። በሆቴሉ ስልክ የደወልኩላት ሌሊት ነው። 'ሁለተኛ ከአገር አትወጪም' ብላ በማርያም ምላለች። እንቅልፍ የለኝም። ማታ የሱቄን በር ስዘጋ ድምፁ ያንቀጠቅጠኛል። ጎረቤቶቼ 'እኛ ጦርነት አሳልፈን ዝም ብለናል፤ አንቺ በአንድ ፍንዳታ እንዲህ ሆንሽ?' ይሉኛል። እውነታቸውን ነው? ጓደኛዬስ ጠልታኝ ነው? ጥምቀት ደርሷል፤ ሕዝብ መሀል መግባት ፈርቻለሁ።"

እኅቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ጓደኛሽንም እንኳን እግዜር አተረፋት።

ብዙ ነገር ጠይቀሽኛል። ከእጁ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል።

ድንገት ፍንዳታ ሲሰማ ሰው ቆሞ አይመካከርም። ልብ ይመታል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ዓይን መውጫውን ብቻ ያያል። ሐሳብ ሳይመጣ እግር ይነሳል። ይሄ የደፋርና የፈሪ ጉዳይ አይደለም፤ የሁላችንም ሰውነት የተሠራው እንዲህ ነው። ታዲያ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር አያደርግም። አንዱ ይሮጣል። ሌላው ባለበት ድርቅ ይላል፤ እግሩ አልንቀሳቀስ ይለዋል። ሐኪሞች ሁለቱንም ያውቋቸዋል። እጅ ለእጅ ከተያያዙ ሁለት ሰዎች አንዷ ስትሮጥ አንዷ ብትደርቅ እጃቸው ምን ይሆናል? ይላቀቃል። አንቺ "ለቀቅኩ" ትያለሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ልልቀቃት ብለሽ ያሰብሽበትን ቅጽበት ግን አጣሁት። ስላላሰብሽ ነው።

መሮጥሽም ጥፋት አልነበረም። የእንግሊዝ ፖሊስ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕዝቡ የሚያስተምረው በሦስት ቃል ያልቃል፦ ሩጡ፣ ተደበቁ፣ ተናገሩ። መጀመሪያ ከቦታው ራቁ። መራቅ ካልተቻለ በር ዘግታችሁ ተደበቁ፣ የስልካችሁን ድምፅ አጥፉ። ደህና ቦታ ስትደርሱ ለፖሊስ ደውሉ። ዕቃችሁን ጥላችሁ ውጡ ይላል። ሌሎችም አብረዋችሁ እንዲወጡ ጎትጉቱ ይላል። ለመፈለግ ወይም ለማየት ወደ ኋላ ተመለሱ ግን አይልም። ምክንያቱም ሁለተኛ ፈንጂ ሊኖር ይችላል። መጋቢት 13 ቀን 2008 ዓ.ም. ብራስልስ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሁለት ፈንጂዎች በሰከንዶች ልዩነት ተከታትለው ፈነዱ። አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ደግሞ ከተማው መሀል የምድር ባቡር ውስጥ ሌላ ፈነዳ። በዚያ ቀን 32 ሰው ተገደለ። አንቺን ከውስጥ የዘጋብሽ ያ ባለሱቅ ያደረገው ትክክለኛውን ነገር ነው። ከኋላው ማን እንደቀረ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ይሄን ሁሉ የምነግርሽ "ምንም አልሆነም" ልልሽ አይደለም። ሆኗል። ጓደኛሽ ብቻዋን ቀርታለች። የሆነው ግን አንቺ ራስሽን የምትከሺበት ቦታ ላይ አይመስለኝም። እስቲ እሷ ባለችበት ቁሚና እዪው። ቋንቋውን አታውቅም። ሰው ይጮኻል፣ ፖሊስ መንገዱን ባዶ እያደረገ ነው፣ አምቡላንስ ይመጣል። ጓደኛዋ አጠገቧ ነበረች፤ አሁን የለችም። ሞታ ይሆን? እንዲህ እያለች ነው ያመሸችው። ማታ ሆቴል ደርሳ መጀመሪያ ያለችሽ "ደህና ነሽ?" ነው። አንቺ "ደህና ነኝ" ብለሽ ዝም አልሽ። እሷ የት እንደነበረች እስከ ዛሬ አልጠየቅሻትም።

እኔ እንደሚመስለኝ ያስቀየማት ይሄ ነው። አንቺ ጥፋትሽን ስለፈራሽ አልጠየቅሽም፤ እሷ ደግሞ ግድ እንዳልሰጠሽ አድርጋ ወስዳው ይሆናል። ወይ ደግሞ እሷም የራሷ የምታፍርበት ነገር አላት። ደርቄ ቀረሁ፣ የወደቀ ሰው አጠገቤ እያለ አላነሳሁም፣ ብላ ስታስብ ይሆናል። ይሄን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ "ጠልታኝ ነው?" የሚለውን እኔን አትጠይቂኝ።

ቡና ጠርተሻት መቅረቷ አይግረምሽ። ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ጀበና በቀረበበት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። አንቺ ሂጂላት። ቤቷ ሰው ከበዛ "ወደ ቁስቋም እንውጣ" በያት። ከግንቡ አጠገብ ማንም ሳይሰማችሁ መቀመጫ አታጡም። ሽማግሌ አትላኪ፤ ይሄ የገንዘብ ጠብ አይደለም። ስጦታም ይዘሽ አትሂጂ። የምትያት አጭር ይሁን፦ "ያን ቀን እጅሽን ለቅቄ ሮጫለሁ። አንቺ የት እንደነበርሽ አልጠየቅኩሽም። አሁን ልስማሽ።" ከዚያ ዝም በይ። ሰውነት በፍርሃት ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ እኔ የነገርኩሽን ለእሷ አታስተምሪ። አንቺን እንዲያሳርፍሽ ነው የነገርኩሽ፤ ለእሷ ሰበብ ይመስላታል። ብትቆጣ ትቆጣ። ብታለቅስ አብረሻት አልቅሺ። "ማውራት አልፈልግም" ካለች ደግሞ አታስጨንቂያት። የዓለም ጤና ድርጅትም አደጋ ያየ ሰው የሆነውን እንዲተርክ መገፋት የለበትም ይላል። "ስትፈልጊ አለሁ" ብለሽ ተመለሺ፤ ግን መንገድ ላይ ስታገኚያት እንደቀድሞው ሳሚያት።

አሁን ወደ ጎረቤቶችሽ። ክፉ ሰዎች አይመስሉኝም፤ ደክሟቸው ነው። የሰሜኑ ጦርነት ስምምነት ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። አንቺ ኢስቲክላል ላይ ስትቆሚ ገና 11 ቀኑ ነበር። ልጅ የቀበረ አለ፣ ተፈናቃይ ዘመድ ቤቱ የሞላበት አለ። "የኛን ማን ጠየቀን?" ማለታቸው ነው፤ እሱንም ስሚላቸው። ፍርሃትን እየለኩ ማወዳደራቸው ግን ልክ አይደለም። ደግሞ አንድ ነገር ረስተዋል፤ አንቺም የዚሁ ከተማ ልጅ ነሽ። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳር አየር ማረፊያዎች ሮኬት ተተኩሶ ነበር። አየር ማረፊያው ባለበት አዘዞ ላይ የወደቀውን ያልሰማ ማን አለ? አንቺ ኢስታንቡል ላይ ያን ድምፅ የሰማሽው በሁለተኛ ዓመቱ፣ በዚያው በኅዳር 4 ነው። ወር ቀኑ ሲገጥም እኔ ደንግጫለሁ። ሰውነትሽ አስቀድሞ የሚያውቀውን ድምፅ ነው እንደገና የሰማው። ከዚህ በፊት የተመታ ሰው በሁለተኛው ቢብስበት ምን ያስገርማል?

ልዩነትም አለው። ጎንደር ላይ ተኩስ ሲሰማ የትኛው ግቢ እንደምትገቢ ታውቂያለሽ። የማንን በር እንደምትመቺ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያሻግርሽ ታውቂያለሽ። ሲያልፍም ሰፈሩ ሁሉ ይወጣና "አንተ ጋ ምን ተሰማ?" ይባባላል። ግማሹ ድንጋጤ እዚያው በወሬ ይወጣል። ሰው አገር ግን ፖሊሱ የሚጮኸው "ሂዱ" ይሁን "ቁሙ" አይገባሽም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሻንጣሽን ይዘሽ አውሮፕላን ትሳፈሪያለሽ፤ ስትመለሺ ደግሞ አብሮሽ ያየ ሰው የለም። አለች አንድ፤ እሷም አታናግርሽም።

ኢስታንቡል ላይ በዚያ ቀን 6 ሰው ሞቷል፤ 81 ቆስሏል። ከሞቱት አንዷ የ9 ዓመት ልጅ ናት፤ ከአባቷ ጋር ነው የሞተችው። ሰላማዊ ሰው እሁድ ከሰዓት ልጁን ይዞ ሊንሸራሸር በወጣበት መንገድ ላይ ነው ቦምብ ያስቀመጡለት። ሊዝናና የሄደ እንግዳ "እነሱ አገር የደረሰ ነገር ነው፤ እኔ ምን ቤት ነኝና አዝናለሁ?" ብሎ ሐዘኑን ይውጣል። አትዋጪው። ለእነሱም ሻማ አብሪላቸው።

እናትሽን ተረጃት። የኢስታንቡልና የጎንደር ሰዓት አንድ ነው፤ ፍንዳታው ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ገደማ ነበር። የቱርክ መንግሥት ወዲያው ቴሌቪዥኖች ስለ ፍንዳታው እንዳይዘግቡ አገደ። ፌስቡክ፣ ትዊተር፣ ኢንስታግራምና ዩቲዩብም ለሰዓታት ተገደቡ። ለዚህ ነው በሜሴንጀር ያላገኘችሽ። አንቺ ዘግተሽባት አይደለም፤ ይሄን ንገሪያት። እሷ ግን እዚህ ተቀምጣ ቪዲዮውን እያየች ነበር። ዘመዱ ሁሉ "ልጅሽ እዚያ አይደለችም እንዴ?" እያለ ሲደውልላት ነው ያመሸችው። በ2013 እ.ኤ.አ. ቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። በሳምንቱ ውስጥ በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዜናውን ሲከታተሉ የነበሩ ሰዎች፣ ቦታው ላይ ከነበሩት ሰዎች የባሰ ጭንቀት አሳይተዋል። ስለዚህ እናትሽም ተጎድታለች። ቁጭ ብለሽ "ያን ማታ ምን አየሽ?" በያት። ስልኳ ላይ የቀረ ቪዲዮ ካለ አብራችሁ አጥፉት። ያንቺንም አጥፊው።

መሐላውን በተመለከተ፣ በማርያም ምላለችና ዝም ብለሽ "ይቅር በይው" አትበያት። ንስሐ አባታችሁ ይስሙት፤ እሳቸው መፍትሔውን ያውቁበታል። አሁኑኑ ሌላ ጉዞ ስለሌለብሽ ግን አትከራከሪያት። በዚያው በቦስተን ውድድር በወንዶች ያሸነፈው የኛው ሌሊሳ ዴሲሳ ነበር። ፈንጂዎቹ የፈነዱት እሱ ካሸነፈ ከሰዓታት በኋላ ነው። ሌሊሳ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ተመልሶ ሄደና ሜዳሊያውን ለቦስተን ከተማ አበረከተ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንደገና ሮጦ አሸነፈ። እናትሽ ሩጫ የምትወድ ከሆነ ይሄን አንድ ቀን አጫውቻት፤ ዛሬ ግን አይደለም።

ለመሄድ ላሰባችሁ ሌሎች አንባቢዎችም ጥቂት ልበል፤ ከዚህች እኅታችን የምንማረው አለና። ከተማውን ማየት ከመጀመራችሁ በፊት "ብንጠፋፋ የት እንገናኝ?" ተባባሉ። ሆቴሉ በር ላይ ቢሆን ይበቃል፤ ዋናው አስቀድሞ መባሉ ነው። የሆቴሉን አድራሻ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈበትን ካርድ ከእንግዳ መቀበያው ውሰዱ፤ ለታክሲ ሹፌር ማሳየት ብቻ ነው። የአንድ ቤተሰብ ስልክ በቃላችሁ ያዙ፤ ሞባይል ይወድቃል፣ ባትሪ ያልቃል። ቤተሰብ በኢንተርኔት ብቻ እንዲጠብቃችሁ አታድርጉ። ኢስታንቡል ላይ የተገደበው ማኅበራዊ ሚዲያው ነበር። ብራስልስ ላይ ደግሞ የስልክ መስመሩ ተጨናንቆ መንግሥት "አትደውሉ፣ መልእክት ጻፉ" ብሎ ሕዝቡን ለምኗል። አንዱ እምቢ ሲል ሌላውን ሞክሩ። "ደህና ነኝ፣ ሆቴል ነኝ" የምትል አጭር የጽሑፍ መልእክት ጥሪ እምቢ ባለበትም ልታልፍ ትችላለች። በቱርክና በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የድንገተኛ ጥሪው 112 ነው። ቱርክ ላይ ኤምባሲያችን አንካራ ነው ያለው፤ ቁጥሩን ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። የፓስፖርታችሁን ቅጂም ከፓስፖርቱ ለይታችሁ ሌላ ቦርሳ ውስጥ አኑሩ። ሲፈነዳ ደግሞ ቆማችሁ ቪዲዮ አትቅረጹ። ያን ቪዲዮ የሚያየው የአንድ ሰው እናት ናት።

ወደ አንቺ ልመለስ። አለመተኛትሽ፣ መደንገጥሽ፣ ሕዝብ መፍራትሽ ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ የሚመጣ ነው። አብዛኛው ሰው ጊዜ ሲያልፍ እየቀለለው ይሄዳል። ካንድ ወር በላይ ሲቆይና ሥራና እንቅልፍ ሲያሳጣ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ያንቺ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ስለዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ። እዚያ መሄድ እብደት አይደለም፤ ሰው ያየሽ እንደሆነም ይይሽ። ጠበል መጠመቅ ከፈለግሽ ተጠመቂ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እንቅልፍ እንዲመጣ ብለሽ መጠጥ እንዳትጀምሪ ግን አደራ። ማታ ትንሽ ያስተኛሽና ሌሊቱን የባሰ ያነቃሻል።

የሱቅሽን በር በሚመለከት አንድ ነገር ሞክሪ። ማታ ተቻኩለሽ አትዝጊው። በቀን፣ ሰው አጠገብሽ እያለ፣ በገዛ እጅሽ ቀስ ብለሽ ወደ ታች ሳቢው፤ ከዚያ መልሰሽ ክፈቺው። ልብሽ እስኪረጋ ቆይተሽ ድገሚው። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ። ሰው ቢዘጋልሽ ለዛሬ ትገላገያለሽ፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው ይቀመጣል። ወንድም ወይም ጎረቤት አጠገብሽ ይቁም እንጂ አይዝጋልሽ።

ጥምቀትንም በዚሁ መንገድ ነው የማስበው። ሙሉ በሙሉ ቤት መቅረቱን አልመክርሽም፤ ዘንድሮ የቀረሽ ለከርሞ መውጣቱ ይከብድሻል። መሀል ግፊያ ውስጥም አትግቢ። የከተራ ዕለት ታቦታቱ በሚያልፉበት መንገድ ዳር፣ ጀርባሽ ላይ ክፍት በር ያለበት ቦታ ቁሚ። የምታውቂው ሰው ቤት ደጃፍ ቢሆን ይመረጣል። ጥር 11 ጠዋት ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት መውረድ ከቻልሽ ከቅጥሩ ውጭ፣ ዛፎቹ ሥር ሆነሽ ቅዳሴውን ስሚ። ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ ዘለው ሲገቡ የሚነሳው ጩኸት ድንገተኛ ነው። እንደሚመጣ አስቀድመሽ እወቂው፣ አብሮሽ ያለውም ሰው "አሁን ሊዘሉ ነው" ይበልሽ። አላስችል ካለሽ ያለ ምንም እፍረት ወደ ቤትሽ ተመለሺ። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ አለ፤ ያን ቀን እንደገና ትሞክሪያለሽ። አብሮሽ የሚሄደው ሰው ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ጓደኛሽ እስከዚያ ካነጋገረችሽ እሷን ጠይቂያት። እሷም እንዳንቺው ፈርታ ቤት ልትቀር አስባ ሊሆን ይችላል።